ምራቅ ስታርችን ሲቆራርጥ በዓይን ለማየት

ቂጣ ረዘም አድርገው ሲያላምጡት የሚጣፍጠው፣ ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ስታርቹን፣ ማለትም የእህልና የድንች ዱቄታማ ንጥረ ነገርን፣ ወደ ማልቶስ ስኳር ስለሚቆራርጠው ነው። ይህን በድንችና ቁስል በሚቀባው ቲንክቸር አዮዲን ማሳየት ይቻላል፤ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ስታርች ከሌለ ግን ቢጫነቱን ይይዛል። እንጀራ ግን አይመረጥም፤ ኮምጣጣነቱ ኢንዛይሙን ያደክመዋል።

ድንቹን ልጠው ይፈቅፍቁት፤ ውሃ አፍስሰው በንጹህ ጨርቅ ይጭመቁት። የወጣው ውሃ ግማሽ ሰዓት ሲቀመጥ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይተኛል፤ ስታርቹ እሱ ነው። አጥልለው ያድርቁት። ከደረቀው 1 ግራም በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይጨምሩትና ያቀዝቅዙት። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ለድንች ስታርች ይበቃዋል።

አፍዎን ተጉመጥምጠው 2 ሚሊ ሊትር ምራቅ ይሰብስቡ፤ 8 ሚሊ ሊትር ውሃና ትንሽ ቁንጥር ጨው ይጨምሩበት። ጨው የሚገባው አሚሌዝ ጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ውጭ ስለሚደክም ነው።

አራት ስኒ ላይ፣ በእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር የስታርች ውሃ ይቅዱ። አንደኛው ላይ 2 ሚሊ ሊትር የተበጠበጠ ምራቅ፣ ሁለተኛው ላይ ያንኑ ያህል ውሃ፣ ሦስተኛው ላይ 10 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ምራቅ ይጨምሩ። አራተኛው ላይ አስቀድመው 1 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ ከዚያ ምራቅ። ስኒዎቹን 37 ዲግሪ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያቁሙ። በጎጃም ደጋ ጠዋት ላይ ይህ ካልተደረገ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ ብዙ ጊዜ «ምራቁ አይሠራም» የሚያሰኘው ብርዱ ነው።

አንድ ጠብታ አዮዲን በ10 ጠብታ ውሃ አቅጥነው ነጭ ሳህን ላይ ነጠብጣብ ያድርጉ። በየደቂቃው ከእያንዳንዱ ስኒ አንድ ጠብታ ያክሉበት። የአንደኛው ቀለም ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ወደ ቀይ ቡናማ፣ በመጨረሻ ወደ አዮዲኑ ቢጫ ይሄዳል። ሌሎቹ ሰማያዊ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ፍላትም አሲድም የኢንዛይሙን ቅርጽ ያበላሻሉና።

በአቼቶ ፋንታ ሎሚ አይጠቀሙ። በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ቀለም ያሳጣዋል፤ ስታርቹ ሳይነካ ያለቀ ይመስላል። ትኩስ ናሙናም እንዲሁ ያሳስታል፤ ሰማያዊው በሙቀት ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አንደኛው ስኒ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ቢጫ ካሳየ ምራቁን በ20 እጥፍ ውሃ ያቅጥኑት፤ የአሚሌዝ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል።

ትምህርት ቤቱ የቤኔዲክት ፈሳሽ (እንደ ማልቶስ ያለ ስኳር መኖሩን የሚያሳይ መፈተሻ) ካለው፣ ከአንደኛው ስኒ 2 ሚሊ ሊትር ከእኩል ቤኔዲክት ጋር በሚፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያሙቁ። ማልቶስ አንድ ጫፉ ከቤኔዲክት ጋር የሚዋሃድ የአልዲሃይድ ባሕርይ ስላለው ሰማያዊውን ፈሳሽ ወደ ብርቱካንማ ወይም ጡብ ቀለም ይለውጠዋል።