ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለመማር ዕዳ ከመግባታችሁ በፊት ሒሳቡን እንዴት ትሠራላችሁ?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ተነስታ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣች። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ ግንኙነት እንድትማር ተቀብሏታል፣ ከክፍያውም ከፊሉን ይሸፍንላታል። ለቀሪው አባቷ በግ ሊሸጥ፣ የአባቷ ወንድም የዕቁብ እጣውን ሊሰጥ፣ ዲሲ ያለ ዘመድ ደግሞ ዋስ ሆኖ ከባንክ ሊያስበድር ተስማምተዋል። ቤቱ በሙሉ ደስ ብሎታል። ድምሩን ግን ማንም አልሠራውም። "እስኪ ደብተር አምጪ" አልኳት። ጋቢ ደርበን እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ አልን። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

መጀመሪያ የጎደለውን ገንዘብ በትክክል እወቁ። የትምህርት ክፍያውን ብቻ አይደለም። ዶርም፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ መጽሐፍ፣ ትኬት፣ ቪዛ፣ 350 ዶላር የሴቪስ ክፍያ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት)፣ ሁሉንም ጻፉ። ወረቀቱን ስናይ ልጅቷ የሚጎድላት በዓመት 5,000 ዶላር ይመስል ነበር። በጎቹና ዕቁቡ ትኬቱንና ቪዛውን ቻሉ ብለን እንኳ፣ መድኑና መጽሐፉ ሲገባበት ጉድለቱ 7,500 ሆነ። ለአራት ዓመት 30,000 ዶላር ማለት ነው። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ? ውጤት ዝቅ ቢል ይቋረጣል ወይ? ይሄን ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ቀጥሎ ዕዳ የምትሉት ምን እንደሆነ ተስማሙ። "ጋሼ፣ የዘመድ ገንዘብ እኮ ዕዳ አይደለም" አለችኝ። ነው እንጂ! የውጭ አገር ተማሪ የአሜሪካን መንግሥት የተማሪ ብድር አያገኝም፤ የግል ባንክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነዋሪ የሆነ ዋስ ይፈልጋል። እናንተ መክፈል ሲያቅታችሁ ባንኩ የሚይዘው እሱን ነው። ልጆች ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይ አለበት። በጉም ቢሆን የቤቱ ጥሪት ነው፤ ክረምት ላይ ማዳበሪያ የሚገዛበት እሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይስፈር።

ከዚያ ጠቅላላውን ዕዳ ወደ ወር ክፍያ ቀይሩት። ሰው 30,000 ሲባል ዝም ይላል፣ የወሩን ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። ወለዱን 7 በመቶ፣ ጊዜውን 10 ዓመት ብለን ስንይዝ በየወሩ 348 ዶላር ገደማ መጣ። መጨረሻ ላይ የሚከፈለው 41,800 አካባቢ ይሆናል። ትምህርት ላይ እያሉ የሚቆጠረውን ወለድ ገና አልጨመርንም።

አሁን ወደ ገቢው። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አስገብታችሁ በትምህርት ዓይነት ተመራቂዎች ስንት እንደሚያገኙና ስንት ዕዳ ይዘው እንደሚወጡ ታያላችሁ። ግን ቁጥሩ የተሰበሰበው የመንግሥት ድጋፍ ካገኙ ተማሪዎች ነው፣ እንደ እናንተ በተማሪ ቪዛ ከሄዱት አይደለም። ድጋፉን ያገኙት እዚያው ይኖራሉ፣ እዚያው ይሠራሉ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ከምረቃ በኋላ በሙያው እንዲሠራ የሚፈቀድለት 12 ወር ነው። ለሳይንስና ለምህንድስና ተመራቂዎች 24 ወር ይጨመራል፤ ዓለም አቀፍ ግንኙነት በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አይገባም። አሥር ዓመት የሚከፈል ዕዳ፣ አንድ ዓመት የተረጋገጠ የሥራ ፈቃድ።

ስለዚህ ሁለት ዓምድ አስምሩ፦ እዚያ ብቀር፣ አዲስ አበባ ብመለስ። ለሁለተኛው አፍሪካ ኅብረትም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም ከተማችን ውስጥ አሉ ብላችሁ ብቻ አትጽናኑ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጽሕፈት ቤት ኢንተርንሺፕ ደመወዝ የለውም። ደህና የሚከፍሉት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስና የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፣ ፈረንሳይኛ ሲታከልበት ደግሞ በሩ ይሰፋል። በቅርብ ዓመታት የተመረቁ ሦስት ሰዎች ፈልጉና "ለጀማሪ ስንት ይከፈላል?" በሉ። "አንተ ስንት ታገኛለህ?" ካላችሁ እውነቱን አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ምንዛሬውን አስገቡ። ሐምሌ 2016 ላይ መንግሥት ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ያ 348 ዶላር በ57 ሲመታ 19,836 ብር ነው። በ120 ሲመታ 41,760። ዕዳው አልጨመረም፣ የእናንተም ደመወዝ አልጨመረም፣ ግን በየወሩ የምትከፍሉት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በብር እያገኙ በዶላር መበደር በጣም ያስፈራኛል፣ ልጅቷንም የነገርኳት ይሄንኑ ነው።

መለኪያዬ ቀላል ነው። ጠቅላላ ዕዳው፣ በእርግጠኝነት ልትሠሩ በምትችሉበት አገር ከሚገኝ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ አይብለጥ። ከበለጠ ሌላ መንገድ ፈልጉ፣ አለም። አገር ውስጥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ብትማሩ የሚኖርባችሁ የወጪ መጋራት ዕዳ ነው፣ እሱም በብር። ከዚያ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ለማስተርስ ሙሉ ስኮላርሺፕ ትወዳደራላችሁ። ለምሳሌ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ካለፋችሁ ግን የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ይችላል። በዚህ ሙያ በሩን የሚከፍተው ማስተርሱ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ዲግሪ የዶላር ዕዳ መሸከም አይታየኝም።

የመጨረሻው ሥራ መጠየቅ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ ይጨምራሉ፣ ካልጠየቋቸው ግን አይጨምሩም። እኛም በማግስቱ ጠዋት ኢሜይል ላክን፦ የቤተሰቡ ገቢ ይሄ ነው፣ የጎደለው በዓመት 7,500 ነው፣ ካልተሸፈነ መምጣት አልችልም። አባቷ ጋ ደውዬም መልሱ እስኪመጣ በጎቹን ገበያ እንዳያወጣ ለመንኩት።