ከፋየርዎል ጀርባ ፐብሊክ አይፒ መጠቀም

ከፋየርዎል (የኔትወርክ ትራፊክን ከሚያጣራው መሣሪያ) ጀርባ ላሉ ሰርቨሮች ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ፣ ልትሰጡ ከሆነ መጀመሪያ አድራሻው በእርግጥ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርኩን በ1.1.1.0/24 አዋቅሮ አገኘሁት፤ 1.1.1.1 ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክላውድፍሌር ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) ስለሆነ ሠራተኞቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። ሁሉንም ለውስጥ ኔትወርክ ወደተመደበው 10.20.0.0/16 ማዛወር ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

የራሳችሁ ከሆነ ግን ኤንኤቲ (የውስጥ አድራሻን ወደ ፐብሊክ አድራሻ መቀየር) አያስፈልግም። የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ /29 (የስምንት አድራሻ ክልል) ሲሰጣችሁ፣ ወደ ፋየርዎላችሁ የውጭ አድራሻ ራውት እንዲያደርግላችሁ (ትራፊኩን በዚያ በኩል እንዲልክላችሁ) ጠይቁ፤ እዚህ ላይ አትለሳለሱ፤ አለዚያ ፕሮክሲ አርፕ ውስጥ (ፋየርዎሉ በሰርቨሮቹ አድራሻዎች ፈንታ መልስ መስጠት ያለበት ዘዴ ውስጥ) ትገባላችሁ። ከስምንቱ አድራሻዎች ስድስቱን መጠቀም ይቻላል፦ አንዱ ለፋየርዎሉ የውስጥ ኢንተርፌስ፣ አምስቱ ለሰርቨሮች። ለእነዚህ አድራሻዎች ኤንኤቲን አጥፉ። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ዝጉ፤ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ለምሳሌ 443ን (የኤችቲቲፒኤስ ፖርት)፣ ክፈቱ። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ይህ ደንብ እንጂ የአድራሻው መደበቅ አይደለም። ከዚያ ከውጭ መድረስ መቻሉን ለማየት የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩት።