ቅንጣት ሲጠፋ፦ የኳንተም ስሌት የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ትይዩ በቆሙ ሁለት መስታወቶች መካከል ብርሃን ተይዟል እንበል። መስታወቶቹ ፍጹም ስላልሆኑ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አልፎ አልፎ ያመልጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይህንን በሂሳብ እገልጻለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ግን፣ ጎበዝ ተማሪም ቢሆን፣ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። እኔም ተሰናክዬባቸዋለሁ።

የመጀመሪያው እየቀነሰ የሚሄደውን ቁጥር በስህተት ማንበብ ነው። ብክነትን ለማስገባት ሃሚልቶኒያኑ (የነገሩን ጉልበት የሚገልጸው የሂሳብ መሣሪያ) ላይ ኢማጂናሪ ቁጥር (ካሬው ኔጌቲቭ የሆነ) ጣል ይደረጋል። ያኔ ዕድሎቹ የሚሰሉበት የሞገድ ፈንክሽን መመንመን ይጀምራል። ጠቅላላ ዕድሉ 1 መሆኑ ይቀርና 0.8፣ ቆይቶም 0.5 ይሆናል። ይህን ያየ ሰው «ግማሹ ፎቶን ጠፋ» ይላል። ግማሽ ፎቶን የሚባል ነገር የለም! 0.5 የሚነግረን እስካሁን ምንም ያለማምለጡን ዕድል ነው። የቀረው 0.5 ፎቶኑ ያመለጠበት ሌላኛው ታሪክ ድርሻ ነው። ያንን ታሪክ ሳይጽፉ መተው ሂሳቡን በግማሽ ዘግቶ መሄድ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚይዘው፣ የፊዚክስ ሊቃውንቱ በ1976፣ ሊንድብላድ በአንድ በኩል፣ ጎሪኒ፣ ኮሳኮውስኪና ሱዳርሻን በሌላ በኩል ያወጡት እኩልታ ነው።

ሁለተኛው «ዲቴክተሩ ዝም ካለ ምንም አልሆነም» የሚለው ነው (ዲቴክተር ፎቶን ሲደርስበት ጠቅ የሚል መሣሪያ ነው)። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ በቁጥር እንየው። በመስታወቶቹ መካከል ያለው ብርሃን የዜሮና የአንድ ፎቶን እኩል ሱፐርፖዚሽን ነው፤ ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድ ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው። ውጭ ላይ የሚያመልጥ ፎቶን የማያልፈው ዲቴክተር አለ። ፎቶን ካለ ግማሽ በግማሽ ዕድል የሚያመልጥበትን ያህል ጊዜ ጠበቅን። ዲቴክተሩ ዝም።

ሙከራውን 100 ጊዜ ደገምነው እንበል። ለ50ው ፎቶን የለም፤ ሁሉም ዝም ይላሉ። ለቀሩት 50 ፎቶን አለ፤ በ25ቱ ያመልጣል፣ ዲቴክተሩም ጠቅ ይላል፤ 25ቱ ዝም ይላሉ። (በሱፐርፖዚሽን ውስጥ ሆኖ «በ50ው ፎቶን ነበረ» ማለት በጥብቅ ሲታይ አይፈቀድም። ለቆጠራው ግን ያስኬዳል።) እንግዲህ ዝም ያሉት 75 ሲሆኑ ፎቶን ያለባቸው 25 ናቸው። ዕድሉ ከ1/2 ወደ 1/3 ወረደ ማለት ነው። ማንም ምንም ሳይነካ! ሱፐርፖዚሽኑ ግን አልፈረሰም፤ ሚዛኑ ብቻ ወደ ዜሮው አጋደለ። ዝም ማለትም መልስ ነው የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት አለ፤ ዲቴክተሩን ፍጹም አድርጎ መቁጠር። ከሚያመልጡት 60 በመቶውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ካመለጡት 25 ውስጥ 10ሩ ሳይታዩ ያልፋሉ። ዝም ያሉት 85 ይሆናሉ፤ ፎቶን ያለባቸው ያው 25። ይህ 29 በመቶ ገደማ ነው። ከቁጥሩ የሚብሰው ደግሞ አሁን ያለን ንጹህ ሱፐርፖዚሽን አለመሆኑ ነው። ድብልቅ ስለሆነ ዴንሲቲ ማትሪክስ (የድብልቅ ሁኔታን ዕድሎች የሚይዝ የቁጥር ሰንጠረዥ) ያስፈልገዋል። ዲቴክተሩ መቼ ጠቅ እንዳለ መዝገብ ከተያዘ የአንድን ሙከራ ታሪክ መከተል ይቻላል፤ ዳሊባር፣ ካስታንና ሞልመር በ1992 ያቀረቡት ዘዴ ለዚህ ይመቻል። መዝገብ ከሌለ የሁሉንም ታሪኮች አማካይ ይዞ መቀመጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ስሌት ማደባለቅ ግን ጉድ ያፈላል።

«ለውጡን የሚያመጣው የተመልካቹ ንቃተ ህሊና ነው» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። መዝገቡን የሚይዘው ሽቦም፣ ግድግዳም፣ አየርም ሊሆን ይችላል።

ደግሞ አለ የሚያስቅ ስህተት፦ «አንድ ፎቶን ሲወጣ በውስጥ የሚቀሩት ፎቶኖች አማካይ ቁጥር በአንድ ይቀንሳል»። በትክክል 5 ፎቶን ካለ፣ አዎ፣ 4 ይቀራል። የሌዘር ብርሃን ከሆነ ግን አንድ ፎቶን ሲወጣ አማካዩ ባለበት ይቆያል። ከጋለ ነገር የሚወጣ የሙቀት ብርሃን ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ፦ አማካዩ 5 ከነበረ፣ ዲቴክተሩ ጠቅ ባለ ቅጽበት የሚቀረው አማካይ 10 ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። የሙቀት ብርሃን እጅግ ይዋዥቃል፤ አንዴ ባዶ፣ አንዴ ሙሉ ነው። ዲቴክተሩ ደግሞ ጠቅ የሚለው ይበልጡን ሙሉ በሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠቅታው ፎቶን ቢወስድም «ብዙ አለ» የሚል ወሬ ያመጣል። ጉልበት ከየትም አልተፈጠረም። ጠቅ ያለበትንም ያላለበትንም ደምረን ስናካፍል አማካዩ እንደ ደንቡ ይቀንሳል።

የመጨረሻው «አዘውትረን ካየነው አይጠፋም» የሚለው ነው። መነሻው እውነት ነው። ሚስራና ሱዳርሻን በ1977 የዜኖ ክስተት ብለው ሰይመውታል፤ በ1990 ደግሞ በቤሪሊየም አዮኖች በላብራቶሪ ታይቷል። በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ቀስ እያለ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ነገር፣ ቶሎ ቶሎ ሲለካ ባለበት ይቆማል። ተራ አተም ብርሃን ሲረጭ ግን ገና ከጅምሩ ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት ወደ ኤክስፖኔንሺያል መስመሩ (በእኩል ጊዜ እኩል ድርሻ እየቀነሰ ወደሚሄድበት) ይገባል። እዚያ መስመር ላይ ያለን ነገር በየሴኮንዱ አየነው፣ በየማይክሮሴኮንዱ አየነው፣ የመጥፋት ፍጥነቱ ያው ነው።