የደብረ ብርሃን መስኮት፦ ንባብ፣ ሥዕልና እምነት በአንድ ሥራ

በብዙ ክፍሎች የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጎጆ ቤት ይሥላል፣ ልጁ ሁሉ ያንኑ ጎጆ ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። ንባቡም «እኔን ተከተሉ» ተብሎ በጩኸት ያልቃል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁለቱን ያገናኛል፦ ልጆቹ ያነበቡትን ወረቀት ላይ ይሥላሉ፣ ወረቀቱን ዘይት ያጠጡታል፣ በጥቁር ፍሬም አያይዘውም ባለቀለም መስታወት የሚመስል መስኮት ይሠራሉ። ልጁ ያላነበበውን መሣል አይችልም፤ የሣለው ደግሞ ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ወይም እንዳልገባው ያሳብቅበታል። የተዘጋጀው ለ3ኛ ክፍል፣ ለ48 ልጆች፣ በሰሜን ሸዋ ላለ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ 40 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ደግሞ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

ቅዳሜን ለብቻው ያደረግነው በምክንያት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በአካባቢው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ የሚነበበው የከተማዋ ስም ታሪክ ነው። ወንጌሉ የሚመጣው ቅዳሜ፣ ወላጆቻቸው ፈቅደው ትምህርተ ክርስቶስ ለሚከታተሉ ልጆች ብቻ ነው። ሁለቱን ሰዓት የሚያያይዘው መስኮቱ ነው። የክፍሉን ሰዓት ወስዶ ስብከት ማድረግ ከወላጅ ጋር ያጣላል፤ ለቅዳሜውም ትምህርት አይጠቅምም።

ሰኞ፦ ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች

ምንባቡ ይህ ነው፤ ከዚህ አታስረዝሙት።

ከብዙ ዘመን በፊት ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ንጉሥ ነበረ።
በሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ታየ።
ሕዝቡም «ሰማዩ ላይ ብርሃን አለ!» አለ።
ንጉሡም ቦታውን «ደብረ ብርሃን» አለው።
እዚያም ቤተ ክርስቲያን አሠራ።
ዛሬ ደብረ ብርሃን ትልቅ ከተማ ናት።

ለመምህሩ ዕውቀት ያህል፦ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። ብርሃኑን በ1456 ከታየችው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ የምንባቡን ታሪክም የኮከቧንም ነገር ንገሯቸው።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በተለየ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት። የፊደሉ ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ የኋላው ወንበር አያየውም፣ ያላየ ልጅ ደግሞ ከጎረቤቱ አፍ ተቀብሎ ያነባል። በመጀመሪያ መምህሩ ብቻውን፣ ሳያቋርጥ፣ በተረት ድምፅ ያንብብ። ሁለተኛ ጊዜ ከቃሉ ሥር ጣቱን እያስኬደ ያንብብ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ የሚያነበው ለሦስተኛ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። በጋራ ማንበብ ደስ ይላል፤ ግን በቃሉ የያዘውንና በዓይኑ ያነበበውን ልጅ አይለይም። የቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ካስቆጠረ በኋላ ያንኑ ፊደል በአቡጊዳ ቅደም ተከተል እንደገና የሚያስቆጥረው ልጁ በዜማው ብቻ እንዳይሄድ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ ቁራጮቹን አደባልቁና ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየጠቆማችሁ ጠይቁ። «ናት… ከተማ… ትልቅ…» እያለ የሚመልስ ልጅ በእርግጥ እያነበበ ነው።

የሚያስቸግረው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሆን ተብሎም የገባ ነው። «አለ» ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው «ለ» ጠብቆ ይነበባል፣ «ይገኛል» ማለት ነው። ሁለተኛው ላልቶ ይነበባል፣ «ተናገረ» ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ልጁ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ያነብና ትርጉሙ ይጠፋበታል። አራተኛው ላይ ያለው «አለው» ደግሞ ጠብቆ ከተነበበ ንጉሡ ደብረ ብርሃን የሚባል ነገር በእጁ ያለ ይመስላል። ደንቡን ከማስረዳት ይልቅ ሁለት ልጅ አስነሡ። አንዱ ወደ ጣሪያው እያመለከተ «ብርሃን አለ!» ይበል፤ ሌላው ወደ ጓደኛው እያመለከተ «እንዲህ አለ» ይበል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሳሳት ልጅ ካለ ራሱ ይስቃል።

የአጻጻፉ ነገር ሌላ ነው። «ብርሃን»፣ «ዘርዓ»፣ «ንጉሥ» የሚሉት ቃላት ድምፃቸው አንድ የሆነ ሌላ ፊደል ስላላቸው «ብርሀን» እና «ንጉስ» የሚል ደብተር ትሰበስባላችሁ። ጆሮ አይረዳም፤ በዓይን የሚያዝ ነው። ሦስቱን ቃላት በትልቁ ጽፋችሁ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ ተዉአቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ ግን አታሳድዷቸው።

ማክሰኞና ረቡዕ፦ ሥዕሉ

48ቱን ልጆች በ8 ቡድን፣ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ክፈሉ። ስድስት ዓረፍተ ነገር፣ ስድስት የወረቀት መስታወት፣ ስድስት ልጅ። ዕጣ አውጡ፤ ምርጫ ከተሰጠ ሁሉም ንጉሡን ይፈልጋል። በቡድን ሥራ የሚታወቀው ጣጣ አንዱ ሲሠራ አምስቱ ማየታቸው ነው፤ እዚህ ግን ያልተሣለ ዓረፍተ ነገር ካለ መስኮቱ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ለአንድ ልጅ 13 በ14 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይሰጠዋል። ከአንድ ኤፎር ሁለት ይወጣል፤ 24 ወረቀት ያስፈልጋል፣ 30 ያዙ። ጀርባው የታተመበት ወረቀት ወይም የደብተር ወረቀት እንዳትጠቀሙ። ዘይት ሲነካውና ፀሐይ ከኋላ ሲመታው ጽሑፉም መስመሩም ወጥቶ ሥዕሉን ያበላሸዋል። በአራቱም ጎን 1 ሳንቲ ሜትር በእርሳስ ተሰምሮ ይተው፤ ምክንያቱ ሐሙስ ይታያል።

ማክሰኞ በእርሳስ ብቻ ይሥላሉ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ምንም አይሥልም። የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዓረፍተ ነገርህ ውስጥ ማን አለ? ምን ያደርጋል?»። ሦስተኛው የደረሰው ልጅ ሰዎቹን ወደ ላይ ሲያዩ ካልሣላቸው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቁራጩ ይመለስና እንደገና ያንብብ። የማስተማሩ ሥራ ያለው እዚህ መመላለስ ላይ ነው።

ረቡዕ ቀለም ነው። ክሬዮን ከሁሉ ይሻላል፤ ባለቀለም እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ያማረ ይመስልና ብርሃን ፊት ይጠፋል። ሁለተኛው የደረሰው ልጅ ብርሃኑን ቢጫ በቢጫ ማድረጉ አይቀርም፤ አስቁሙት። ዘይት የጠጣ ያልተቀባ ወረቀት ከማንኛውም ቀለም በላይ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑ ነጭ ሆኖ ይተውና ዙሪያው ያለው ሰማይ በጥቁር ሰማያዊ፣ ተጭኖ፣ ይቀለም። ዓርብ ፀሐይ ሲያርፍበት ልጁ ራሱ ያየዋል።

ክሬዮን ከሌለ እርድ ቢጫ ይሰጣል። እርድ በዘይት ስለሚሟሟ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ለብ ባለ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ በጥብጣችሁ፣ ሲያርፍ ከላይ ያለውን የጠራውን ውሰዱ። ቀይ ሥር በተቃራኒው በውኃ የሚሟሟ ነው፤ ጭማቂውን አስቀድማችሁ ቀቡና በደንብ ሲደርቅ ዘይቱን አስከትሉ። እርጥብ ወረቀት ዘይት አይጠጣም። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛሉ። ቀይ አፈርና ከሰል ብርሃን ስለማያሳልፉ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ዘይቱ የሚቀባው በጀርባው በኩል፣ በጥጥ ወይም በጨርቅ ነው። ለሁለት ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የተተወው ጠርዝ እንዳይነካ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ የሚረጋው ዘይት ጠዋት ጠዋት ቅቤ መስሎ ወረቀቱ ላይ ይቀራል እንጂ ዘልቆ አይገባም። የሱፍ ዘይት ይሻላል፤ የኑግም ይሆናል፣ ጥቂት ቢጫ ይጥልበታል እንጂ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ከምራችሁ አትተዉት፤ በሳሙና ይታጠብ ወይም ተዘርግቶ ይድረቅ። ወረቀቶቹ እስከ ነገ ሳይነባበሩ ይደሩ።

ሐሙስ፦ ፍሬሙ

ለአንድ ቡድን ከጥቁር ጠንካራ ወረቀት 42 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 3፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 4 ቁራጮች ይቆረጣሉ፤ ወርዳቸው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ በአግድም፣ አራቱ በቁም ሲጣበቁ ባለ ስድስት ዓይን መስኮት ይሆናል። አራት ዓይን ካደረጋችሁት መሐሉ መስቀል ይሠራል፤ ያ ለቅዳሜ እንጂ ለሁሉም ልጆች ክፍል አይሆንም። ከ2 ሳንቲ ሜትር የጠበበ ቁራጭ ልጆቹ ሲያነሡት ይቀደዳል፤ ለሁለት ወረቀት ጠርዝም አይበቃም።

ጥቁር ወረቀት ከሌለ ስስ ካርቶን በጥላሸት ይጠቆራል። አንድ ማንኪያ የምጣድ ጥላሸት ለሦስት ማንኪያ የዱቄት ሙጫ ነው። ጥላሸት ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ካገኘ ይዋሃዳል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበርና ለልጆቹ ብትነግሯቸው አይጎዳም።

ሙጫው፦ አንድ ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ይበጠበጥ፤ ከዚያ ሦስት ብርጭቆ የፈላ ውኃ እየተማሰለ ይጨመርበትና ለስለስ ባለ እሳት 3 ወይም 4 ደቂቃ ይብሰል። ዱቄቱን በቀጥታ ፈላ ውኃ ላይ ከጨመራችሁት ይጓጉላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቶሎ እንዳይሻግት ይረዳል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከሸተተ ይደፋ።

አሁን የረቡዕ ጠርዝ ይፈለጋል። የዱቄት ሙጫ ዘይት በነካው ወረቀት ላይ አይይዝም። ሥዕሎቹ ዓርብ ጠዋት ወለል ላይ ወድቀው ከተገኙ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይኸው ነው። የረሳ ልጅ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በፕላስተር ያያይዝ።

ሙጫው እስኪደርቅ ጥሩ ወሬ አለ። አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ (እ.ኤ.አ. 1932–2012) በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው ሦስት ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች በድምሩ 150 ካሬ ሜትር ያህላሉ። ፎቶ ካለ አሳዩና «ጥቁሩ መስመር ባይኖር ምን ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እጁ ሙጫ የነካ ልጅ መልሱን ያውቀዋል።

ዓርብ፦ መስኮቱን መስቀልና ማንበብ

ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ውርጭ ስላለ የመስኮቱ መስታወት ያልበዋል፤ ፕላስተር አይይዝም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ስቀሉ። ክፍሉ የቆርቆሮ መስኮት ብቻ ካለው በሩን ከፍታችሁ ከላይ በሲባጎ አንጠልጥሉት፣ ከታች ደግሞ ሁለት ጠጠር እሰሩበት፤ የአካባቢው ነፋስ አለዚያ ይጠቀልለዋል። ሻማ ወይም ጧፍ ከኋላ ማብራት ክልክል ነው። ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው፣ በአንድ ጊዜ ይንቦገቦጋል።

እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ መስታወት ሥር ቆሞ ዓረፍተ ነገሩን ያነባል። ነጥብ የሚሰጠው ለሦስት ነገር ነው፦ አንብቧል? የሣለው ያነበበውን ነው? ጠርዙን ጠብቋል? የሥዕሉ ማማር ነጥብ የለውም።

ቅዳሜ፦ እንቅቡ

የሚነበበው ማቴዎስ 5፥14–16 ነው። «መቅረዝ» የሚለውን ቃል ልጆቹ አያውቁትም፣ መብራት ማስቀመጫ በሉላቸው። «ዕንቅብ» ግን ብዙዎቹ ቤት አለ፤ አንድ አስመጡ። ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ ባትሪ አብሩና እንቅቡን ድፉበት፣ ከዚያ አንሡት። ያረጀና የሳሳ እንቅብ ብርሃን ያሾልካል፤ ልጆቹ ወዲያው «ይታያል!» ይላሉ፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

«በተራራ ላይ ያለች ከተማ» የሚለው ላይ አንድ ልጅ «ደብረ ብርሃን እኮ ሜዳ ላይ ናት» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ተራራ ላይ ያለችውን አንኮበርን ጥሩለት። «ደብር» በግእዝ ተራራ መሆኑን ንገሩት፤ ቃሉ ለቤተ ክርስቲያንም ስለሚውል የከተማዋ ስም ላይ የገባው እንዲህ ነው።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በ4 በ20 ሳንቲ ሜትር ወረቀት በሳምንቱ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይጽፋል። «ጥሩ ልጅ እሆናለሁ» የሚለውን መልሱት፤ አድርጎት እንደሆነ ማንም ሊጠይቀው አይችልም። «ለአያቴ ውኃ እቀዳለሁ» የሚል ልጅ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠየቃል። ወረቀቱን የሚያነበው መምህሩ ብቻ ነው፣ አይለጠፍም።

ሥዕሎቹ ሲደበዝዙ ከፍሬሙ ተላቀው ለየባለቤታቸው ይሰጡ። ፍሬሙ ደረቅ ቦታ፣ አይጥ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የዱቄት ሙጫ ይወዳሉ።