ዜሮ የሰጠኝ ኦክስጅን 18

በሼል ሞዴል፣ ማለትም ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በየሼሉ (በየእርከኑ) እንደሚደረደሩ በሚቆጥረው የኒውክለስ ሞዴል፣ የኦክስጅን 18 ኒውክለስን የመጀመሪያ 2+ ደረጃ (ስፒኑ 2 የሆነውን የጉልበት ደረጃ) አሰላሁ። ጉልበቱ በልኬት ከሚታወቀው 1.98 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጋር ተቀራርቦ ወጣ፤ ጋማ ጨረር አውጥቶ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ (0+) የሚወርድበት የኤሌክትሪክ ኳድሩፖል ሽግግር ጥንካሬ ግን ፍጹም ዜሮ ሆነ።

ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር ፈተሽኩ። ፕሮግራሙ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ችግሩ የግብዓት ፋይሉ ውስጥ ነበር፦ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ለፕሮቶን 1፣ ለኒውትሮን 0 ብዬ ሰጥቻለሁ። ሞዴሉ እንደማይንቀሳቀስ ከሚቆጥረው የኦክስጅን 16 እምብርት ውጭ ያሉት ደግሞ ሁለት ኒውትሮኖች ብቻ ናቸው! የደረጃዎቹ ጉልበት ይህን ቁጥር ስለማይጠቀም ምንም ምልክት አልሰጠኝም። በእውነተኛው ኒውክለስ ኒውትሮኖቹ ሲንቀሳቀሱ የእምብርቱን ፕሮቶኖች አብረው ይጎትታሉ። ሞዴሉ ይህን የሚያካክሰው በውጤታዊ ሙል፣ ማለትም በተስተካከለ ቻርጅ ነው፤ ለፕሮቶን 1.5፣ ለኒውትሮን 0.5 አስገባሁ፤ ዜሮው ጠፋ።

ውጤቱን ከልኬት ሠንጠረዥ ጋር ሳወዳድረው ግን ልዩነቱ አሁንም አስደነገጠኝ። ሠንጠረዡ የያዘው ከ0+ ወደ 2+ የሚወጣውን ሽግግር ጥንካሬ ነበር፤ እኔ ላሰላሁት ለሚወርደው በ5 መካፈል አለበት። ከዚያም በኋላ ስሌቱ ከልኬቱ ያንሳል። ይህ ግን የእምብርቱ ኑክሊዮኖች ራሳቸው ወደ ላይ ስለሚዘሉ ነውና ውጤታዊውን ሙል እያሳደግሁ ልሸፍነው አልፈለግሁም።

ለቤታ መፈራረስም እንዲህ ያለ ማስተካከያ ያስፈልጋል፦ በዚህ ሼል የጋሞቭ-ቴለር ኦፕሬተር (የኑክሊዮኑን ስፒን የሚነካው የቤታ መፈራረስ ዓይነት የሚሰላበት) በ0.77 ገደማ ይባዛል፤ ጥንካሬው ግን በካሬው፣ ማለትም በ0.6 ገደማ።