ኃይለኛ ቅንጡ ኤስዩቪ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ካየን የተባለውን ኤስዩቪ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የስፖርት መኪና ወዳጆች ከፍ ብሎ የሚቆም የቤተሰብ መኪና የድርጅቱን ስም ያጎድፋል ብለው አጉረምርመው ነበር። ዛሬ ግን ላምቦርጊኒም፣ አስተን ማርቲንም፣ ፌራሪም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ምርጫው በመብዛቱ ስህተቱም በዝቷል፤ በተለይ ገዢው ብዙ አንብቦ፣ ብዙ ጠይቆ፣ ነገር ግን ሊመረምረው የሚገባውን ሳይመረምር ገንዘቡን ሲከፍል ማየት ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ስህተት የፈረስ ጉልበትን ቁጥር ከነመለኪያው ሳይመለከቱ ማነጻጸር ነው። አስተን ማርቲን ዲቢኤክስ 707 ስሙን ያገኘው ከ707 የፈረስ ጉልበቱ ሲሆን፣ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ትራክሆክም በ707 የፈረስ ጉልበት ነው የተሸጠው። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። የአስተን ማርቲኑ ቁጥር በአውሮፓው ሜትሪክ መለኪያ የተሰጠ ስለሆነ ወደ አሜሪካው ሲመለስ 697 ይሆናል። ቢኤምደብሊው ኤክስ 5 ኤም ኮምፒቲሽንም በአውሮፓ 625፣ በአሜሪካ 617 ተብሎ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት እንጂ ሞተሩ ተለውጦ አይደለም። ከቆመበት ተነስቶ የሚፈጥንበት ጊዜም እንዲሁ ነው፤ አውሮፓውያን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እስኪደረስ ሲለኩ፣ አሜሪካኖች የሚለኩት በሰዓት 60 ማይል እስኪደረስ፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሙከራዎችም ሰዓቱን የሚያስነሱት መኪናው አንድ ጫማ ያህል ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። በሁለት ገጾች ላይ የታየ የሁለት ወይም የሦስት አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ከመኪናው ሳይሆን ከለኪው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነትም ከሁሉም የከፋው፣ ስለ ኃይል እየጠየቁ ስለ ክብደት ዝም ማለት ነው። ከእነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ ከ2,200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ በባትሪ የሚታገዘው ቢኤምደብሊው ኤክስ ኤም ደግሞ ወደ 2,700 ይጠጋል። ፍሬኑ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬው ልክ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና ማቆም በ100 የሚሄደውን ከማቆም አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ካየን ቱርቦ ጂቲ ከፊት 440 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው የካርቦን ሴራሚክ የፍሬን ዲስኮች የተገጠሙለት። እነዚህ ዲስኮች ሙቀትን እጅግ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን ጎማ ሲቀየር ቸርኬው ቢነካቸው ጠርዛቸው ሊሸረፍ ይችላል፣ የመተኪያ ዋጋቸውም ከብረት ዲስክ ጋር አይወዳደርም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ጎማው ወልቆ የዲስኩ ጠርዝ ዙሪያውን እንዲታይለት ሊጠይቅ ይገባል።

ሦስተኛው ስህተት ለሩጫ ሜዳ የተሠራን መኪና ለሰፈር መንገድ መምረጥ ነው። ያው ካየን ቱርቦ ጂቲ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀርመኑን የኑርበርግሪንግ የሩጫ ሜዳ ሰሜናዊ ዙር 20.832 ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ከ38.9 ሰከንድ ጨርሷል። ይህን ውጤት ለማምጣት ግን ከካየን ቱርቦ ኩፔ 17 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደርጎ፣ አራት መቀመጫ ብቻ ተሰጥቶት፣ በ22 ኢንች ቸርኬ ላይ እጅግ ስስ ጎኖች ያሉት ጎማ ተጭኖለታል። ሦስት ልጆች ላለው ቤተሰብ አንድ መቀመጫ ይጎድላል። ጉድጓድና የፍጥነት መግቻ በበዛበት መንገድ ደግሞ ስስ ጎማ ምቱን ስለማይውጥ ቸርኬው ይጣመማል። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላም ነገር አለ፤ የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እየደረቀ መንገዱን መቆንጠጥ ያቅተዋል፣ አራቱም እግር መጎተቱ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም። ስለዚህ የሁለተኛ ጎማ ስብስብ ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ከፍታን መዘንጋትም ለእኛ አገር ገዢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለምትጠጋ አየሯ ከጠረፍ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። እንደ ፌራሪ ፑሮሳንግዌ ያለ ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ በዚያው መጠን ያጣል፤ ቱርቦ ያለው በፍጥነት እየተሽከረከረ የጎደለውን አብዛኛውን ይተካል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ምንም አይጎድልበትም። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ስለተገለጸ፣ ከውጭ መኪና ለማስገባት የሚያስብ ሰው ከሞዴሉ አስቀድሞ ይህንን ማጣራት አለበት። በኤሌክትሪኩም ቢሆን የቤቱ መስመር የሚችለውን ጭነትና ባትሪውን መርምሮ የሚጠግን ባለሙያ መኖሩን ሳያረጋግጡ መዋዋል አይመከርም።

ያገለገለውን በዋጋው መውደቅ ብቻ ተማርኮ መግዛትም አለ። የመግዣ ዋጋው በግማሽ ቢቀንስም የመለዋወጫው ዋጋ አዲስ እያለ ከነበረው አይቀንስም። በአየር ሞላ የሚቆም መኪና ከሆነ ደልዳላ ቦታ ላይ አሳድረው፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ከቸርኬው መካከል እስከ መከለያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ይለኩ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ካደረ አየር ያፈሳል፣ የሚያፈስ ሞላ ደግሞ መጭመቂያውን ያለ ዕረፍት እያሠራ ያቃጥለዋል። የአራቱን ጎማ ጥርስ ጥልቀትም ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካለቀ ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ክፍል ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ይጎዳል። በገልፍ አገሮች ለሚገዙ ደግሞ፣ በአሜሪካ አደጋ ደርሶባቸው በጨረታ ተሸጠው የመጡ መኪኖች ተጠግነው እንደሚቀርቡ፣ ለገልፍ ሙቀት ተብሎ የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ላይኖራቸው እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። የሻሲ ቁጥሩን ይዞ ታሪኩን ማስመርመር ከዕንባ ያድናል።

ስለ ስምም አንድ ነገር መባል አለበት። ላምቦርጊኒ ኡሩስ፣ ቤንትሊ ቤንታይጋ፣ ኦዲ አርኤስ ኪው 8 እና ሦስተኛው ትውልድ ካየን በፎልክስዋገን ግሩፕ የጋራ መሠረት ላይ የተገነቡ ናቸው። የአነዳድ ስሜታቸውና ውበታቸው ይለያያል፣ ለዚያ ልዩነት መክፈልም የገዢው መብት ነው፤ ሁሉንም ሳይነዱ በአርማው ብቻ መወሰን ግን ገንዘብን ማባከን ነው።

የነዳጁ ጉዳይ አጭር ነው። አምራቹ ያዘዘው የኦክቴን መጠን፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም ደረጃው፣ በሚኖሩበት ከተማ የማይገኝ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ከጉዳት ለመከላከል የእሳቱን ሰዓት ስለሚያዘገይ የከፈሉበትን ኃይል አያገኙትም።

በመጨረሻም ለሙከራ ሲወጡ ብቻዎን አይውጡ። ከኋላ የሚቀመጡትን ይዘው፣ በየቀኑ በሚሄዱበት መንገድ፣ በጠጣሩም በለስላሳውም የሞላ ምርጫ ይንዱት። ኡሩስ መስታወቱ ሳይቆጠር ከሁለት ሜትር በላይ ስለሚሰፋ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሜትር ይዘው የግቢዎን በርና የመኪና ማቆሚያዎን ስፋት ይለኩ።