ፖስትግሬስን ስታዋቅሩ ዋናውን ፋይል አትበርብሩት
ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር አዲስ የጫነ ሰው የማዋቀሪያ ፋይሉን ሲከፍት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅንብሮች ይጠብቁታል። አትደንግጡ፤ አብዛኞቹ እንዳሉ ቢቀሩ ምንም አይጎድልባችሁም። ለውጦቻችሁን ለብቻ በትንሽ ፋይል ጻፉና ከዋናው ፋይል መጨረሻ ላይ "ኢንክሉድ" (include) በሚለው ትእዛዝ ጥሩት። ኋላ የመጣው የፊተኛውን ስለሚሽር የእናንተ ይጸናል፤ ነገር ቢበላሽም ያችን አንዲት መስመር ማጥፋት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚነካው "ሼርድ በፈርስ" (shared_buffers) ነው፤ ፖስትግሬስ መረጃን ራም ላይ የሚያቆይበት ቦታ መጠን ማለት ነው። ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ነው፤ ሰርቨሩ ለዳታቤዙ ብቻ ከተመደበ የራሙን ሩብ ያህል ስጡት፣ 8 ጊጋባይት ካለው 2 ማለት ነው። ለውጡ የሚሠራው አገልግሎቱ ጠፍቶ ሲነሣ ነው፤ አገልግሎቱን ሳያጠፉ ቅንብሩን እንደገና ማስነበብ፣ ማለትም "ሪሎድ"፣ አይበቃውም። የግንኙነት ጣሪያውን ግን ከ100 ወደ 1000 ለመስቀል አትቸኩሉ፤ እያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ሂደት (ፕሮሰስ) ስለሆነ ራም ይበላል።